የሴቶች የአፍሪካ ዋንጫ፦ ለአንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የዘገየ መልስ



ስለ ስፖርት የሚጻፍ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ጤናማ አእምሮ በጤናማ አካል» በሚለው አባባል ነው። በዚሁ ሰሌዳ ላይም ሁለት ሦስት ጊዜ አንብበነዋል። አባባሉ ስህተት ነው አልልም። እኔ ግን ዛሬ የምነሳው ካፈርኩበት አንድ ቀን ነው።

ባለፈው ጥቅምት ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩት ዋጃ አካባቢ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ዋጃን ለማታውቁ፣ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። በምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ናቸው፤ መካከሉ ሜዳ ነው፣ ማሽላና ጤፍ። እኔም የዚያው አገር ልጅ ስለሆንኩ ሙቀቱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ነው።

ትምህርት ቤቱ የነበረው አንድ ኳስ ብቻ ነው፤ እሱም ተሰፍቶ ተሰፍቶ ቅርጹ ወደ ዱባ ያደላ። ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ አወጣኋቸውና ምንም ሳላስብ «ወንዶች ኳስ፣ ሴቶች ገመድ ዝላይ» አልኩ። ልብ በሉ፣ እኔ ራሴ ሴት ነኝ። በልጅነቴም ይህንኑ ቃል ሰምቼ ተናድጄ አውቃለሁ። ነገር ግን ስናስተማር የሚቀናን ስንማር የሰማነው ነውና ከአፌ ወጣ።

ሴቶቹ ገመዳቸውን ይዘው ግራሩ ጥላ ሥር ሄዱ። አንዲቷ ብቻ ቀረች። መጣችና «ቲቸር፣ ለሴቶች የአፍሪካ ዋንጫ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አለ» አልኳት።

«ኢትዮጵያስ ገብታ ታውቃለች?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። የወንዶቹን ቢሆን ኖሮ ከነዓመተ ምሕረቱ እነግራት ነበር። አንድ ልጅ ከሜዳው ውስጥ ሆኖ «ገብተው ምን ሊያደርጉ!» ሲል ሁሉም ሳቁ። እኔም «ሰኞ እነግርሻለሁ» ብዬ አሰናበትኳት። እርስዋ ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም፤ «እሺ ቲቸር፣ ሰኞ» ብላ ሄደች። ሰኞን ቆጥራ እንደምትይዘኝ ገባኝ።

እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው በዚያ ቅዳሜና እሑድ ከመምህራኖቻችን ጠይቄ፣ በስልኬም ፈልጌ፣ በደብተር ያሰናዳሁት ትምህርት ነው። እናንተም በሚቀጥለው ዙር ለልምምድ ስትወጡ ይጠቅማችኋል ብዬ ለዚህ ሰሌዳ አቅርቤዋለሁ። የውድድሮቹ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. ብዬ እጽፋለሁ።

የወንዶቹን የአፍሪካ ዋንጫ በ1957 ካርቱም ላይ የጀመሩት ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ እንደሆኑ፣ አገራችንም በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን እንደወሰደች፣ ይድነቃቸው ተሰማም ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት እንደነበሩ አባቶቻችን ሲተርኩልን አድገናል። ሴቶቹ ግን አህጉራዊ ውድድር እስኪያገኙ ድረስ 34 ዓመት ጠብቀዋል። የመጀመሪያው የተካሄደው በ1991 ነው። ያውም ለውድድሩ ሲባል አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ቻይና ላይ የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ዋንጫ ስለተዘጋጀ ከአፍሪካ አንድ ቡድን መላክ ስላስፈለገ ነው። ጨዋታው ደርሶ መልስ ነበር፤ ናይጄሪያ ካሜሩንን አሸንፋ ወደ ቻይና ሄደች። በ1995ም እንደዚሁ ሆነ፤ ናይጄሪያ ደቡብ አፍሪካን በመጀመሪያው ጨዋታ 4 ለ 1፣ በመልሱ 7 ለ 1 ረታች። ቡድኖች በአንድ አገር ተሰብስበው መጫወት የጀመሩት በ1998 ናይጄሪያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ ቀጠለ፤ የ2020ው ግን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰርዟል።

እዚህ ላይ «ለሴት እግር ኳስ አይሆንም» የሚለው አስተሳሰብ የእኛ አገር ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ነገር ይወቅ። እንግሊዝ የእግር ኳስ እናት ናት ይባላል። የእንግሊዝ የእግር ኳስ ማኅበር በ1921 የሴቶች ጨዋታ በአባል ክለቦች ሜዳ ላይ እንዳይካሄድ ከልክሎ፣ ክልከላው ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቷል። ከዚያ በፊት በ1920 የገና ማግስት ሊቨርፑል ከተማ ውስጥ የሴቶችን ጨዋታ ለማየት ከሃምሳ ሺህ በላይ ሕዝብ ገብቶ ነበር። ብራዚልም ከ1941 እስከ 1979 በሕግ ከልክላለች። ስለዚህ የሴቶች ኳስ ተመልካች ስላጣ ወደኋላ ቀረ ማለት ትክክል አይደለም። ተመልካች እያለው ነው የተከለከለው።

ወደ አፍሪካ ልመለስ። ከ1991 ጀምሮ እስከ 2025 ድረስ ዋንጫው 15 ጊዜ ተሰጥቷል። ናይጄሪያ 12፣ ኢኳቶሪያል ጊኒ 2፣ ደቡብ አፍሪካ 1 ወስደዋል። ጋዜጣና ሬዲዮ ላይ ግን «ናይጄሪያ 10 ጊዜ» ሲባል ትሰማላችሁ። ሁለቱም ትክክል ነው፤ ልዩነቱ የ1991ና የ1995ን የደርሶ መልስ ውድድሮች መቁጠርና አለመቁጠር ላይ ነው። አሥረኛው የሚባለው በሐምሌ 2025 ራባት ላይ የተገኘው ነው። ሞሮኮ በሜዳዋ 2 ለ 0 እየመራች ሳለ ናይጄሪያ ሦስት ግብ አከታትላ 3 ለ 2 አሸነፈች።

ናይጄሪያ ለምን ይህን ያህል በረታች? ምሥጢር የለውም። አንድም ውድድር አልቀረችም። በአህጉሩም በዓለም ዋንጫም ከ1991 ጀምሮ እስከ 2023 ድረስ በሁሉም ተገኝታለች። አንዷ ተጫዋች ስታቆም ሌላዋ ከኋላ ተዘጋጅታ ትጠብቃለች። በ2004ቱ ፍጻሜ ብቻዋን አራት ግብ ያገባችው ፐርፔቱዋ ንክዎቻ ስትደክም አሲሳት ኦሾዋላ መጣች፤ ከኦሾዋላ በኋላም ሌሎች።

እኔን ግን ይበልጥ የያዘኝ የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ነው። በዘር መድልዎ ሥርዓት ምክንያት ከዓለም ስፖርት ተገልላ የቆየችው ይህች አገር የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ያቋቋመችው በ1993 ነው። ከዚያም በ1995፣ በ2000፣ በ2008፣ በ2012ና በ2018 አምስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሳ አምስቱንም ተሸነፈች። የመጨረሻው በመለያ ምት ነበር። በ2022 ለስድስተኛ ጊዜ ደረሰች፤ ሞሮኮን በራባት 2 ለ 1 አሸነፈች። አሠልጣኟ ዴዚሬ ኤሊስ ትባላለች። ይህች ሴት በ1993ቱ የመጀመሪያ ቡድን ውስጥ ተጫዋች ነበረች፣ በኋላም አምበል ሆናለች። በተጫዋችነት ያጣችውን ዋንጫ ከ29 ዓመት በኋላ በአሠልጣኝነት ወሰደች። ለእኛ ለእጩ መምህራን ይህ ታሪክ ምን እንደሚል እናንተው አስቡበት።

ሞሮኮንም ቢሆን ዝም ብለን አንለፋት። ከ1998ና ከ2000 በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል በውድድሩ አልታየችም ነበር። ፌዴሬሽኗ የሴቶችን ሊግ ወደ ሙያተኛነት አሳደገ፤ ውድድሩንም አዘጋጀ። በ2022 ከናይጄሪያ ጋር ያደረገችውን የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ለማየት 45,562 ሰው ስታዲየም ገባ። በዚያውና በቀጣዩ ውድድር ለፍጻሜ ደረሰች። በ2023ቱ የዓለም ዋንጫም ኑሃይላ ቤንዚና የተባለችው ተከላካይ ሂጃብ ለብሳ ተጫውታለች፤ በዓለም ዋንጫ ሂጃብ ለብሳ ስትጫወት የመጀመሪያዋ ናት። የራስ መሸፈኛ ከ2014 ጀምሮ በጨዋታው ሕግ የተፈቀደ ነው። ይህን ለይቼ የጻፍኩት በምክንያት ነው፤ በራያ ቆላ የምታስተምሩ ሰዎች ይህ ጥያቄ ከወላጅ ይመጣባችኋል።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ፦ ኢትዮጵያስ ገብታ ታውቃለች?

አዎን፣ ሦስት ጊዜ። በ2002፣ በ2004ና በ2012።

ብሔራዊ ቡድናችን «ሉሲ» ይባላል። ስሙ በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለ ስፍራ ከተገኘችው ከድንቅነሽ ቅሪተ አካል የተወሰደ ነው፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚገመት። የአፋር ምድር ከዞብል ባሻገር እንደሆነ ለተማሪዎቹ ስነግራቸው አንድ ልጅ «እንግዲያማ የእኛ አገር ልጅ ናት» አለ። ነገሩ በሳይንስ አያስኬድም፤ ግን አላረምኩትም።

በ2002 ናይጄሪያ ላይ ሉሲዎች ከምድባቸው አላለፉም። በ2004 ግን ደቡብ አፍሪካ ላይ የሆነው ሌላ ነው። በእኛ መስከረም 1997 ዓ.ም. ነበር፤ እዚህ ማሽላው እሸት ይዞ ልጆች ወፍ ሲጠብቁ። ስምንት አገሮች በሁለት ምድብ ተከፍለው ተጫወቱ። አስተናጋጇ ደቡብ አፍሪካ ከምድቧ ስትወድቅ የእኛዎቹ አለፉ። በግማሽ ፍጻሜ ናይጄሪያ 4 ለ 0 አሸነፈቻቸው። ለሦስተኛ ደረጃ ከጋና ጋር ገጥመው 0 ለ 0 ተለያዩና በመለያ ምት 6 ለ 5 ተሸነፉ። ስለዚህ አራተኛ። ከምሥራቅ አፍሪካ አንድም አገር፣ ኬንያም ሆነች ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያም ሆነች ቡሩንዲ፣ ከዚህ በላይ ደርሳ አታውቅም። እኔ የተወለድኩት በዚያው በ1997 ዓ.ም. ነው። ይህን ታሪክ የሰማሁት ግን አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ካሳፈረችኝ በኋላ ነው።

የ2012ቱ ደግሞ የሚያስቆጭ ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ውስጥ የወንዶቹ ቡድን ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ አደረ፤ ትልልቆቹ እስከ ዛሬ ያወሩታል። ሴቶቹ ግን ከእነሱ ቀድመው ታንዛኒያን ጥለው አልፈው ነበር። ከወንዶቹ ድል ሁለት ሳምንት በኋላ ኢኳቶሪያል ጊኒ ላይ ሲጫወቱ ነበር። ከምድባቸው አላለፉም፤ ይሁን። ነገር ግን በዚህ ሰሌዳ ፊት ከቆማችሁት ውስጥ ይህን የሚያስታውስ ስንት ሰው አለ?

ከ2012 ወዲህ አላለፍንም። በ2021 ከኡጋንዳ ጋር በተደረገው ማጣሪያ ከሜዳችን ውጭ 2 ለ 0 ተሸንፈን፣ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን፣ በመለያ ምት ወደቅን። ይህ ማለት ግን ተጫዋች የለንም ማለት አይደለም። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ በሀዋሳ፣ በደደቢት፣ በአዳማና በንግድ ባንክ ተጫውታ፣ ወደ ስዊድንና ወደ ማልታ ሄዳ፣ በ2024 አሜሪካ ውስጥ ለሙያተኛ ክለብ ፈርማለች። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በ2024 አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፎ ሞሮኮ ላይ በአህጉሩ የክለቦች ሻምፒዮና ተሳትፏል። ዳኛችን ሊዲያ ታፈሰ በ2015ቱ የካናዳና በ2019ኙ የፈረንሳይ የዓለም ዋንጫዎች ላይ ፊሽካ ይዛ ቆማለች። እዚህ ላይ አንድ እጩ መምህር ጓደኛዬ «ሊዲያ እኮ በሙያዋ ፋርማሲስት ናት» ብሎ አስታወሰኝ። እውነት ነው፤ ኳስ ትምህርት ያስጥላል ለሚል ወላጅ ይህችን ንገሩት።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ዋናው የዓመታት ቁጥር ነው። አንድ ወንድ ልጅ መራመድ ከጀመረ ጊዜ አንስቶ ይለጋል፤ ጨርቅ ጠቅልሎም፣ ካልሲ ውስጥ ፌስታል ጠቅጥቆም ቢሆን። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው አሥር ዓመት ተጫውቷል። ሴቷ በዚያው ዕድሜ ላይ የተጫወተችው ሲደመር ስንት ወር ነው? ውኃ አለ፣ እንጨት አለ፣ ታናሽ ማዘል አለ። በቆላ ደግሞ በመኸር ወፍ ጥበቃ አለ። ይህ ሁሉ ከቤት ነው። ከእኛ የሚጠበቀው በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበር። እሷንም «ሴቶች ገመድ» ብለን እንወስድባታለን። እኔ ወስጃለሁ።

«አቅም የላቸውም» የሚለውንማ እንተወው። በነሐሴ መጨረሻ የሶለል ጊዜ የራያ ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው ከጠዋት እስከ ማታ ከደጅ ደጅ ሲጨፍሩ ያየ ሰው እንዴት ይህን ይናገራል? ሦስት ቀን ሲዘሉ «ደከሙ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ማማ ላይ ቆማ ወንጭፍ የምትወነጭፍ ልጅም ክንዷ የበረኛ ክንድ ነው። ይህን በቀልድ አልጻፍኩትም፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ሰኞ ደረሰ። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ገና ሳልቀመጥ በዓይኗ ያዘችኝ።

ትምህርቱን ያቀረብኩት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ብቻ አልነበረም። የክፍሉን መምህር አስፈቅጄ ከሒሳብ ጀመርኩ። ሰሌዳው ላይ 12፣ 2 እና 1 ጻፍኩ። «ድምሩ ስንት ነው? ናይጄሪያ ከመቶ ስንት እጁን ወሰደች?» 12 ለ 15 ሲካፈል አራት አምስተኛ ይሆናል፣ 80 ከመቶ። መቶኛን ለሁለት ሳምንት በብርና በኩንታል ሲማሩት ያልገባቸው ልጆች በዋንጫ ገባቸው። ቀጥሎ የ1995ቱን ደርሶ መልስ ሰጠኋቸው፤ 4 ለ 1 እና 7 ለ 1 ሲደመር 11 ለ 2። የ2021ዱን የኡጋንዳን ስሰጣቸው 2 ለ 2 መጣ፤ «ታዲያ ማን አለፈ?» የሚል ጫጫታ ሆነ። ከዚህ ላይ መለያ ምትን አስተማርኩ። አምስት አምስት ይመታል፤ እኩል ከሆነ አንድ አንድ እየተመታ ይቀጥላል። «የኢትዮጵያና የጋና 6 ለ 5 ከሆነ እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ስንት ጊዜ መታ?» ብዬ ጠየቅሁ። በመጀመሪያ «አምስት» አሉ። ያችው ልጅ እጇን አውጥታ «ስድስት። በአምስት ምት ስድስት ግብ አይገባም» አለች። ያ «ገብተው ምን ሊያደርጉ» ያለው ልጅ በጣቱ ሲቆጥር ቆየና «ልክ ናት» አለ። ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ የእሱ ቃል ክፍሉን እንዳሳመነው ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

በጂኦግራፊ ውድድሩን ያዘጋጁትን አገሮች በካርታ አስፈለግኋቸው፦ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኢኳቶሪያል ጊኒ፣ ናሚቢያ፣ ካሜሩን፣ ጋና፣ ሞሮኮ። ኢኳቶሪያል ጊኒን ለማግኘት አሥር ደቂቃ ፈጀ፤ ትንሽ ናትና። ይህቺ በካርታ ላይ በጣት ጫፍ የምትሸፈን አገር ሁለት ጊዜ ዋንጫ መውሰዷ ልጆቹን ከሁሉም በላይ አስገረማቸው።

ሜዳው ላይ ደግሞ መለካት ነበር። ሙሉ ሜዳ 105 ሜትር በ68 ነው፤ ለልጆች ግማሹም ይበዛል። የግቡ ስፋት 7 ሜትር ከ32፣ ቁመቱ 2 ከ44፣ የፍጹም ቅጣት ምት ርቀት 11 ሜትር። ሜትር ስለሌለን በገመድ ለካን፤ ያው የመዝለያው ገመድ ነው! ለስድስተኛ ክፍል ከአምስት እርምጃ የሰፋ ግብ አታድርጉ፤ ምሰሶውም ሁለት ድንጋይ ይበቃል። ኳሱ ቁጥር 4 ቢሆን ይመረጣል፤ ቁጥር 5 ለትንሽ እግር ይከብዳል። አንድ ኳስ ብቻ ካለ ሁለት የጨርቅ ኳስ አሠሩ። ተማሪዎቹን ወንድና ሴት ቀላቅላችሁ አምስት አምስት አድርጓቸው፤ ግብ የሚቆጠረው ኳሷ በሁሉም እግር ከደረሰች በኋላ ብቻ ይሁን። ይህን ሕግ ካላወጣችሁ ወንዶቹ እርስ በርስ ብቻ ይቀባበላሉ፤ እኔ በመጀመሪያው ቀን ሳላወጣው ቀርቼ ሴቶቹ ሃያ ደቂቃ ቆመው ዋሉ። ቀሚስ የለበሱ ልጆች ከሥር ሱሪ እንዲያደርጉ አስቀድማችሁ ለወላጅ አስታውቁ። እሱንም የረሳሁት እኔው ነኝ።

በረኛ ስመርጥ ያን የወንጭፍ ነገር ሞከርኩት። ወፍ የሚጠብቁትን «እጅ አውጡ» ብል ካወጡት ብዙዎቹ ሴቶች ሆኑ። ኳስ በእጅ እንዲወረውሩ ሳደርግ ከሁሉም አርቃ የወረወረችው ያችው ጠያቂዋ ሆነች። ግቡ ላይ አቆምኳት። ሦስት ገባባት፣ አንዱን አወጣች፤ ያወጣችውን ሲያወሩ ሰነበቱ።

በሁለተኛው ሳምንት እናቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ፈራሁ። «እታለም፣ ልጄን ኳስ አስለመድሽብኝ አሉ» አሉኝ። «አዎ እትዬ፣ በትምህርት ሰዓት ብቻ ነው» አልኳቸው። «እግሯ ቢሰበር ውኃውን ማን ይቀዳልኛል?» አሉ። የዚህ ጥያቄ መልስ ደብተሬ ላይ አልነበረም። ስለ ናይጄሪያ ብነግራቸው ምን ይፈይዳል? ቀለል ያለ ጨዋታ እንደሆነ፣ ሜዳውን ከድንጋይ እንዳጸዳነው አሳየኋቸው። ዞር ዞር ብለው አዩ፤ የግቡን ድንጋይ በእግራቸው ነካ አድርገው «ይኼኛውስ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። በማግስቱ ድንጋዩን አንስተን በአፈር የተሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ተካንበት። እሳቸው እሺም እምቢም ሳይሉ ሄዱ፤ ልጅቷ ግን መጫወቷን ቀጠለች።

በመጨረሻው ቀን ልጆቹን ስሰናበት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ቲቸር፣ እርስዎ ኳስ ይችሉ የለ፣ ለምን አቆሙ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ከወንዶች ጋር ስጫወት ወደቅሁና ቀሚሴ ተቀደደ። የሳቁት ልጆቹ ብቻ አልነበሩም፤ ከጥግ ቆሞ ሲያይ የነበረ ትልቅ ሰውም ሳቀ። በማግስቱ ኳሱ ወደ እኔ ሲመጣ ዘወር አልኩለት፤ ያ ኳስ እስከ አጥሩ ድረስ ተንከባለለ። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ፣ ትምህርት ተቋረጠ፣ ነገሩም ተረሳ። ልጅቷ ሰምታ ዝም አለችና «አሁንማ ሱሪ አለዎት» አለችኝ።

የተቋማችን የስፖርት ክበብ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ሜዳውን ለእጩ መምህራት ፈቅዷል። እስካሁን የተመዘገብነው ሰባት ነን፤ ለሁለት ቡድን አሥር ያስፈልጋል። ምዝገባው በክበቡ ጸሐፊ ዘንድ ነው። ኳስ ያላችሁ መምህራን ብታውሱን እንመልሳለን። አጥቂ መሆን የምትፈልጉ ቶሎ ድረሱ፤ በረኛ ግን እኔ ይዣለሁ።